የሜኒስከስ ጥገና መፈተሻ ህብረህዋስ

የሜኒስከስ ጥገና መፈተሻ ህብረህዋስ ማለት የተቀደደ የጉልበት ሜኒስከስ በክር ወይም በሌላ ማያያዣ ሲጠገን ጥገናው ምን ያህል እንደሚይዝ በላቦራቶሪ ለመለካት የሚወሰድ የሰው ወይም የእንስሳ ጉልበት፣ ወይም ከጉልበቱ ተለይቶ የወጣ ሜኒስከስ ነው። በብዛት የሚያገለግሉት ከሟች የተለገሰ የሰው ጉልበት እንዲሁም የአሳማ፣ የበግ፣ የፍየልና የከብት ጉልበት ናቸው። አንዳቸውም የሕያው ወጣት ሰው ጉልበት ሙሉ ምትክ አይሆኑም። ስለዚህ «የትኛው እንስሳ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም፤ በቅድሚያ የሚለካው ነገር መታወቅ አለበት።

ጉዳዩ የላቦራቶሪ ዝርዝር ብቻ አይደለም። የተሰፋለት ሰው መቼ እግሩን መርገጥ፣ መቼ ጉልበቱን አጥፎ መቀመጥ እንደሚችል የሚሰጠው ምክር በከፊል የሚነሳው ከእንዲህ ዓይነት ፍተሻዎች ነው። ፍተሻው የክሩን ጉልበት አጋንኖ ካሳየ ምክሩ ይላላል፤ አሳንሶ ካሳየ ደግሞ ሰውየው ያለምክንያት ለሳምንታት ከሥራ ይርቃል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት፣ ሥራውም ጎንበስና ቁጢጥ የሚበዛበት ነው። እዚያ ያለ ገበሬ ምክሩ ወደ አንዱም ወደ ሌላውም ቢሳሳት የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው።

ሜኒስከስ

ሜኒስከስ በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መካከል የሚገኝ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ልም አጥንት ነው። በእያንዳንዱ ጉልበት ሁለት አሉ፤ የውስጠኛው ከፈት ያለ ግማሽ ጨረቃ ሲመስል የውጭኛው ወደ ክብ ይጠጋል። ተቆርጦ ከጎኑ ሲታይ ሽብልቅ ነው፤ የውጭ ጠርዙ ወፍራም፣ የውስጥ ጠርዙ ስል። ከክብደቱ 70 ከመቶ ገደማ ውሃ ሲሆን ከቀረው አብዛኛው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው።

የኮላጅኑ ቃጫዎች አቀማመጥ ለዚህ ርዕስ ዋናው ቁም ነገር ነው። አብዛኞቹ በጨረቃው ዙሪያ ይሄዳሉ፤ ጥቂቶች ከውጭ ወደ መሃል ተዘርግተው እነዚያን ያስተሳስራሉ። ይህ ከክብ ጎጆ ጣራ ጋር ይመሳሰላል። የጣራው ክብደት ወራጆቹን ወደ ውጭ ሊበትን ሲገፋ ዙሪያውን የታሰረው ማገር ይይዛቸዋል። ሰው ሲቆምም የጭኑ አጥንት ሽብልቁን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ የዙሪያ ቃጫዎቹም ተወጥረው ይይዙታል። ማገሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ጣራው እንደሚበተን ሁሉ፣ የሜኒስከሱ ሥር ከአጥንቱ ከተነቀለ ወይም ቃጫዎቹ ከዳር እስከ ዳር ከተቆረጡ ሜኒስከሱ ቦታው ላይ ቢኖርም ሥራውን ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ በሰው ጉልበት ላይ የተደረገ ፍተሻ፣ የውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ሥር መነቀል በአጥንቶቹ ላይ የሚያሳድረው ግፊት ሜኒስከሱ ጨርሶ ሲወጣ ከሚያሳድረው ጋር እኩል መሆኑን አሳይቷል።

በዚህ አሠራር ምክንያት ሜኒስከስ በዙሪያው አቅጣጫ ሲሳብ ያለው ጥንካሬ ከውጭ ወደ መሃል ሲሳብ ካለው እስከ 10 እጥፍ ገደማ ሊበልጥ ይችላል። ከጉልበቱ ጭነት የውስጠኛው ሜኒስከስ በእርሱ በኩል ከሚያልፈው ግማሽ ያህሉን፣ የውጭኛው ደግሞ በእርሱ በኩል ከሚያልፈው 70 ከመቶ ገደማውን ይሸከማል።

ደም የሚደርሰው የውጭኛው ጠርዝ ብቻ ነው፤ በአዋቂ ሰው ከስፋቱ ከ10 እስከ 30 ከመቶ ያህሉ። ሐኪሞች ይህን «ቀይ»፣ ደም የማይደርሰውን የውስጥ ክፍል «ነጭ» ይሉታል። በቀዩ ክፍል ያለ ቅድ የመዳን ዕድል አለው፤ በነጩ ያለው ግን እጅግ አነስተኛ ነው።

ከማውጣት ወደ መስፋት

የመጀመሪያው የታወቀ የሜኒስከስ ስፌት እ.ኤ.አ. በ1883 በኤድንብራ የተደረገ ነው። ሐኪሙ ቶማስ አናንዴል፣ ታካሚው አንድ ማዕድን ቆፋሪ ነበር፤ ሥራው በ1885 ታተመ። ብዙ ተከታይ ግን አላገኘም። እንዲያውም እንግሊዛዊው ጆን ብላንድ ሰተን በ1897 ሜኒስከስን የጡንቻ ቅሪት እንጂ ሥራ የሌለው አካል አድርጎ ጻፈ፤ ለረጅም ጊዜም የተቀደደ ሜኒስከስ ተጎልጉሎ መውጣቱ የተለመደ ሕክምና ሆነ።

አስተያየቱን ከቀየሩት ሥራዎች አንዱ ራሱ የእንስሳ ሞዴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ኪንግ የተባለ ተመራማሪ በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ ቅዱ ደም ወደሚደርስበት ጠርዝ ከተዘረጋ እንደሚድን፣ በውስጡ ክፍል ብቻ ከተወሰነ ግን እንደማይድን አሳየ። በ1948 ፌርባንክ ሜኒስከሳቸው የወጣላቸው ሰዎች ጉልበት በራጅ ሲታይ እየተበላሸ መሄዱን ገለጸ። በ1969 ሂሮሺ ኢኬውቺ በቶኪዮ በአርትሮስኮፕ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ የመመልከቻ ቱቦ፣ ሜኒስከስ ሰፋ። ከዚያ ወዲህ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥና ሙሉ በሙሉ ከውስጥ የሚሰፉ ዘዴዎች ተፈጠሩ፤ የክርና የማያያዣ ዓይነቶችም በዙ። አዲስ ማያያዣ በወጣ ቁጥር ከቀድሞው ጋር ማወዳደር ስለሚያስፈልግ የላቦራቶሪ ፍተሻውም አብሮ በዛ።

ፍተሻው እንዴት ይካሄዳል

በጣም የተለመደው ቀላሉ ዓይነት ነው። ሜኒስከሱ ከጉልበቱ ይወጣል፣ በስለት ይቀደዳል፣ በሚፈተሸው ዘዴ ይሰፋል፤ ከዚያ አንዱ ወገን በአንድ መቆንጠጫ፣ ሌላው በሌላ መቆንጠጫ ተይዞ በመሳቢያ ማሽን ይጎተታል። መጀመሪያ በአነስተኛ ጭነት፣ ለምሳሌ በ5 እና በ20 ኒውተን መካከል፣ ብዙ መቶ ጊዜ ይሳባል፣ ይለቀቃል፤ ይህ የእርምጃ ምትክ ነው። በየመሃሉ ቅዱ ምን ያህል እንደተከፈተ በሚሊሜትር ይለካል። በመጨረሻ እስኪበጠስ ይሳባል።

የሚመዘገቡት ነገሮች አራት ያህል ናቸው፤ የመበጠሻው ጭነት፣ ግትርነቱ፣ ከድግግሞሹ በኋላ የቀረው ክፍተትና የተበጠሰበት መንገድ። ጀማሪ አንባቢ ዓይኑን የሚጥለው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ለምርጫው ግን የመጨረሻው ይበልጥ ይናገራል። ክሩ ራሱ ከተበጠሰ ወይም ቋጠሮው ከተፈታ የተለካው ክሩ ነው፤ ህብረህዋሱ ከየትም ቢመጣ ቁጥሩ ብዙም አይለወጥም። ክሩ ሜኒስከሱን እንደ አይብ ቆርጦ ከወጣ ግን የተለካው የህብረህዋሱ ጥንካሬ ነው። የእንስሳው ዝርያ፣ ዕድሜና አያያዝ ሁሉን የሚወስነው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥ ያለ ስፌት ከአግድም ስፌት ይበልጣል የሚለው ውጤት በተለያዩ ህብረህዋሳት ተደጋግሞ ታይቷል። ምክንያቱ ከላይ የተገለጸው የቃጫ አቀማመጥ ነው። ቀጥ ያለው ስፌት የዙሪያ ቃጫዎቹን እንደ ነዶ አቅፎ ይይዛል፤ አግድሙ ግን ከቃጫዎቹ ጋር ትይዩ ስለሚሆን በመካከላቸው ሾልኮ ይወጣል። የቃጫው አሠራር በሰው፣ በበግ፣ በአሳማና በከብት በመሠረቱ አንድ ስለሆነ ለዚህ ጥያቄ ማንኛቸውም ቢሆኑ በቂ ሞዴል ናቸው። ዘዴ ከዘዴ ማወዳደር በእንስሳ ህብረህዋስ ይቻላል። የተገኘውን ኒውተን እንዳለ ወስዶ «የሰው ጉልበት ይህን ያህል ይችላል» ማለት ግን አይቻልም።

የሰው ጉልበት

ከሟች የተለገሰ፣ ሳይደርቅ የቀዘቀዘ የሰው ጉልበት በመጠንም፣ በቅርጽም፣ በጅማት አቀማመጥም ተወዳዳሪ የለውም። የአርትሮስኮፕ መሣሪያ የሚገባበትን መንገድ፣ መርፌው ከጉልበቱ ጀርባ ካለው ደም ሥር ያለውን ርቀት፣ ወይም የሙሉ ጉልበት የግፊት ስርጭትን ለመፈተሽ ሌላ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ዕድሜ ነው። ሜኒስከሳቸው የሚሰፋላቸው ብዙዎቹ ወጣቶች ሲሆኑ ለጋሾች ግን በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው፤ ሜኒስከሳቸው ሳስቶ፣ ተሰነጣጥቆ ወይም በካልሲየም ደርቆ ሊገኝ ይችላል። ናሙናዎቹ እርስ በርሳቸውም በጣም ስለሚለያዩ በስምንት ወይም በአሥር ጉልበት የሁለት ዘዴዎችን ልዩነት መለየት ያስቸግራል።

በአናቶሚ ክፍሎች የሚገኘው በፎርማሊን የቆየ አስከሬን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፎርማሊን የፕሮቲን ሰንሰለቶችን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ ህብረህዋሱ ይገትራል፣ ክሩም ከሚገባው በላይ ይይዛል። የተማሪ መለማመጃ እንጂ የመለኪያ ናሙና አይደለም። ያልደረቀ የሰው ጉልበት ለማግኘት ደግሞ የልገሳ ሥርዓት፣ የተላላፊ በሽታ ምርመራና የማይቋረጥ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል።

አሳማ

በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በምሥራቅ እስያ ብዙ የሜኒስከስ ፍተሻ የሚሠራው በአሳማ ጉልበት ነው። ርካሽ ነው፣ ከቄራ በየቀኑ ይገኛል፣ መጠኑም ለሰው የተሠሩ ማያያዣዎችን ይቀበላል። የእርባታ አሳማ በአንድ ዕድሜና በአንድ ክብደት ስለሚታረድ ናሙናዎቹ ይመሳሰላሉ።

ያ መመሳሰል ግን ራሱ ጉድለት ይዟል። የእርባታ አሳማ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወሩ አካባቢ ይታረዳል፤ የአጥንቱ የእድገት ንጣፍ ገና አልተዘጋም፣ ሜኒስከሱም የግልገል ሜኒስከስ ነው። አጥንቱም ቢሆን እንደ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ንጽጽር፣ በፊት መስቀለኛ ጅማት ቀዶ ሕክምና ተተኪውን ጅማት በሚይዘው ብሎን ላይ፣ የአሳማ ቅልጥም የጅማቱን መንሸራተት አሳንሶ፣ የመበጠሻውን ጭነት ደግሞ አጋንኖ እንደሚያሳይ አረጋግጧል። ሥሩ የተነቀለ ሜኒስከስ የሚጠገነው ክሩን በአጥንት ውስጥ በተሰረሰረ ቀዳዳ አሳልፎ በማሰር ስለሆነ ያው ማስጠንቀቂያ እዚህም ይሠራል።

በኢትዮጵያ አሳማን የመጀመሪያ ምርጫ ማድረግ ብዙም ትርጉም የለውም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ሥጋውን ስለማይበሉ እርባታው ጥቂት ነው፤ በገጠር ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ከውጭ ጽሑፍ ዘዴውን ወስዶ አሳማውን በበግ መተካት ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የውጭውን ቁጥር ከራስ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይገባም።

በግና ፍየል

በግ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ ለሚደረግ የሜኒስከስ ሙከራ ከሁሉ በላይ ከሚመረጡት አንዱ ነው። የሜኒስከሱ ውስጣዊ አሠራር ከሰው ጋር ይቀራረባል፤ ደም የሚደርሰውም እንደ ሰው በውጭኛው ጠርዝ ነው። ፍየልም በብዙ ነገር ይመሳሰለዋል።

ልዩነቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ በጉ ሲቆም ጉልበቱ የታጠፈ ነው፤ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ አይዘረጋም። የሙሉ ጉልበት ፍተሻ በዜሮ ዲግሪ ላድርግ የሚል ሰው ገና ሲጀምር ይቸገራል። ሁለተኛ፣ በብዙ ባለ አራት እግር እንስሳት የውጭኛው ሜኒስከስ የኋላ ጫፍ በጠንካራ ጅማት ወደ ጭን አጥንት ይያያዛል። በሰው ይህ ጅማት ቢኖርም ደካማ ወይም ተለዋዋጭ ነው። ስለዚህ የሥር ጥገናን በውጭኛው የበግ ሜኒስከስ መፈተሽ ያሳስታል፤ የውስጠኛው ይሻላል። ሦስተኛው መጠን ነው።

መጠኑ በኢትዮጵያ ይበልጥ ያሳስባል። በውጭ ጽሑፎች ያለው የሙከራ በግ ብዙ ጊዜ ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በጎች አዋቂ ሴቶች ግን ባብዛኛው ከ20 እስከ 35 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ መካከል በሚገኘው የጉና ተራራ ዙሪያ የሚረባው ላታም በግ የፋርጣ በግ በሚል ስም ይታወቃል፤ እርሱም ከትልልቆቹ የውጭ ዝርያዎች በጣም ያነሰ ነው። ክር በተለምዶ ከቅዱ 3 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ይወጋል። በሰው ሜኒስከስ ይህ ከስፋቱ ትንሽ ክፍል ነው፤ በትንሽ በግ ግን መርፌው ወፍራሙን ጠርዝ አልፎ ወደ ስሉ ክፍል ሊገባ ይችላል። ለሰው የተሠራ ከውስጥ የሚሰፋ ማያያዣም አይገባበትም። ቀጭን ክር፣ አንድ ስፌትና አጭር ቅድ ላለበት ንጽጽር ግን የአገሩ በግ በቂ ነው።

ከደቡብ ጎንደር በግ ናሙና መውሰድ

በግ በወገዳም፣ በነፋስ መውጫም፣ በመካነ ኢየሱስም ገበያ ይገኛል። በቆላው በኩል፣ ወደ በሽሎ በሚወርደው ስማዳ፣ ፍየል ይበዛል። ለምርምር ተብሎ እንስሳ ማረድ አያስፈልግም፤ ለምግብ ከታረደው እግሩን መውሰድ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ግን ገበያ እንደመውጣት ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያው መሰናክል ቃል ነው። «የበግ ጉልበት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በጉ ሲንበረከክ መሬት የሚነካውን የፊት እግር መጋጠሚያ ነው። ያ በሰው አካል የእጅ አንጓ ነው። በኋላ እግር ላይ ወደ ኋላ የታጠፈው መጋጠሚያ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ነው። እውነተኛው ጉልበት ከዚያ በላይ፣ ከሆድ አጠገብ፣ ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበትና ሎሚው ያለበት ነው። ጥያቄው «ጭንና ቅልጥሙ ሳይለያይ» ተብሎ ቢቀርብ ይሻላል።

ሁለተኛው አቆራረጥ ነው። ብልት የሚያወጣ ሰው ቢላውን የሚያሳርፈው በመጋጠሚያው ላይ ነው፤ ሙያው ይህን ይጠይቃል። ለፍተሻ ግን መጋጠሚያው መከፈት የለበትም፤ ከጉልበቱ በላይና በታች አንድ ስንዝር ያህል ርቆ አጥንቱ በመጋዝ ይቆረጣል። በመጥረቢያ የተሰበረ እግር ውስጡ ሳይታይ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ይጣላል።

ዕድሜ ከጥርስ ይታወቃል። ቋሚ ጥርስ ያላወጣ ጠቦት ለአዋቂ ሰው ሞዴል አይሆንም፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቋሚ የፊት ጥርሶች የሚወጡት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሆን አራቱ ጥንድ የሚሞሉት አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ሙክት ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ማኮላሸት የአጥንት እድገት ንጣፍ የሚዘጋበትን ጊዜ ሊያዘገይ ይችላል፤ የደለበ ሙክት ጉልበቱ የሚሸከመውም ከጓደኞቹ ይበልጣል። ስለዚህ ሙክትን፣ አውራንና እናት በግን በአንድ ቡድን መቀላቀል አይመከርም። በአማራ ክልል ደጋዎች ከአዋሲ ዝርያ ጋር የተዳቀሉ በጎች መሰራጨታቸውም መታወስ አለበት፤ የተዳቀለው ተለቅ ስለሚል የዝርያው ዓይነት ከናሙናው ጋር ይመዘገባል።

የቀን መቁጠሪያውም ሥራውን ይገዛዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እርድ እጅግ ይቀንሳል፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካና በአረፋ ደግሞ በአንድ ቀን ከሚፈለገው በላይ ይገኛል። በበዓል የሚታረደው በአብዛኛው ወንድ በመሆኑ የናሙናው ጾታ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ሙሉውን ናሙና በአንድ በዓል መሰብሰብ ናሙናው በየወቅቱ እንዳይለያይ ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ነገር በማቀዝቀዣው ላይ ይወድቃል።

ቅዝቃዜና እርጥበት

ጉልበቱ ጡንቻው እንዳለ ሆኖ በጨው ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ በፕላስቲክ ይታሸጋል፣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴልሽየስ ይቀመጣል። በፍተሻው ዋዜማ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ በሥራው ጊዜ ሁሉ የጨው ውሃ ይረጫል። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ የሆነ ህብረህዋስ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢደርቅ የሚለካው ሌላ ነገር ይሆናል።

አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ መቅለጥ ብዙ ለውጥ አያመጣም ተብሎ ይወሰዳል፤ መደጋገሙ ግን ይጎዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ ናሙና ማንም ሳያውቅ ሦስት ጊዜ ቀልጦ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በርካሽ የሙቀት መለኪያና በትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ በየአሥር ደቂቃው የሚመዘገብ ሙቀት ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል፤ የኤሌክትሪክ ወይም የኮምፒውተር ተማሪ በአንድ ከሰዓት የሚሠራው ነገር ነው። ድሃ መንገድ ደግሞ አለ፦ በብርጭቆ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ። ሳንቲሙ ሰምጦ ከተገኘ በረዶው በመካከል ቀልጧል ማለት ነው።

የቅዱ ዓይነትና የጭነቱ አቅጣጫ

በስለት የተሠራ ቅድ ቀጥ ያለና ንጹሕ ነው፤ በሰው የሚደርሰው ግን ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ አንዳንዴም ወራት ያለፈው ነው። ይህን ልዩነት የትኛውም የህብረህዋስ ምርጫ አይሞላውም። ሊመረጥ የሚችለው የቅዱ አቅጣጫ ነው። በዙሪያ ቃጫዎቹ አጠገብ የሚሄድ ረጅም ቅድ ማንኛውንም መጠነኛ ሜኒስከስ ይቀበላል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚቆርጥ ቅድ ግን ሲጠገን ክሩ ከቃጫዎቹ ጋር ትይዩ ስለሚሳብ ህብረህዋሱ በቀላሉ ይቀደዳል፤ እዚህ የእንስሳው ዕድሜና ጤንነት ውጤቱን በእጅጉ ይለውጠዋል። ለአግድም ቅድ ወፍራም ጠርዝ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የከብት ሜኒስከስ ይመቻል።

ብዙ ፍተሻዎች ሁለቱን የቅድ ጠርዞች በቀጥታ ያለያያሉ። በእውነተኛ ጉልበት ግን ሰው ሲቆም አንዳንድ ረጅም ቅዶች ይጫናሉ እንጂ አይከፈቱም፤ ጭነቱ ያጠጋጋቸዋል እንጂ አይገነጥላቸውም። ሥሩ የተነቀለ ሜኒስከስ በተቃራኒው በእያንዳንዱ እርምጃ ይሳባል። በእግር ጉዞ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጭነት ከሰውነት ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ጉልበት በጥልቀት ሲታጠፍ ጭነቱ ወደ ሜኒስከሱ ኋላ ይሸሻል። መሬት ላይ ቁጢጥ የማለትና የመንበርከክ ልማድ በሚበዛባቸው የምሥራቅ እስያ አገሮች የኋላ ሥር መነቀል በብዛት ተዘግቧል። አረም ማረም፣ አጨዳ፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ መሥራትና ስግደት በተለመደበት ደጋማ ኢትዮጵያ ሙሉ ጉልበት የሚፈትሽ ሰው በ90 ዲግሪ ቢያቆም ዋናውን ክፍል ይተወዋል። የበግም የአሳማም ጉልበት ለዚህ ጥያቄ አይመልስም፤ የሰው ጉልበት ወይም የኮምፒውተር ሞዴል ያስፈልጋል።

ከብት፣ ውሻና ጥንቸል

የከብት ሜኒስከስ ትልቅና ወፍራም ስለሆነ ከአንዱ ብዙ ቁራጭ ይወጣል፤ ለክር መጎተቻ ፍተሻና ለተማሪ ልምምድ ጥሩ ነው። በውጭ አገር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከወጣት ከብት ሲሆን በኢትዮጵያ ግን ለዓመታት ካረሰ በኋላ ለሥጋ የተሸጠ በሬ ሊሆን ይችላል፤ የእንዲህ ያለ በሬ ጉልበት ያረጀ የሰው ጉልበትን ይመስላል። ይህ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ያረጀ ህብረህዋስ ክር እንዴት እንደሚይዝ ለሚጠይቅ ሰው ዕድል ነው። ውሻ በታሪክ ብዙ አገልግሏል፤ ዛሬ ለጥንካሬ ፍተሻ እምብዛም አይመረጥም። ጥንቸል ለመዳን ጥናት እንጂ ለጥንካሬ አይሆንም፤ ሜኒስከሱ ትንሽ ነው፣ ህዋሱም የበዛ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ከአንድ በግ ሁለት ጉልበት ይወጣል። ሁለቱ ግን ሁለት በግ አይደሉም። ቀኙን በአንድ ዘዴ፣ ግራውን በሌላው ሰፍቶ ጥንድ በጥንድ ማወዳደር ከዝርያ፣ ከዕድሜና ከክብደት የሚመጣውን ልዩነት ስለሚያስቀር በጥቂት ናሙና ብዙ ያሳያል። የትኛው ወገን የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ይወሰናል። ሃያ ጉልበት ከአሥር በግ ወስዶ እንደ ሃያ ነፃ ናሙና ማስላት ግን የተለመደ ስህተት ነው፤ ልዩነቱ ካለው በላይ እርግጠኛ መስሎ ይታያል።

የመሳቢያው ፍጥነት፣ የድግግሞሹ ብዛትና የመቆንጠጫው ዓይነት ከጽሑፍ ጽሑፍ ስለሚለያዩ የአንዱን ኒውተን ከሌላው ጋር ማወዳደር አስቸጋሪ ነው። ውጤቱ ሲጻፍ የእንስሳው ዝርያ፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የተቀመጠበት ጊዜ፣ ስንት ጊዜ እንደቀለጠና እያንዳንዱ ናሙና እንዴት እንደተበጠሰ ካልተገለጸ አማካዩ ብቻውን ብዙም አይረዳም። ደግሞም ፍተሻው ሁሉ የዜሮ ሰዓት ፍተሻ ነው፤ የሚለካው ስፌቱ እንደተጠናቀቀ ያለው ጥንካሬ እንጂ ከስድስት ሳምንት መዳን በኋላ ያለው አይደለም።

ሰው ሠራሽና የኮምፒውተር ሞዴሎች

በሲሊኮን ወይም በሦስት አውታር ማተሚያ የሚሠሩ ሜኒስከሶች እጅን ለማለማመድ ይጠቅማሉ። ቃጫ ስለሌላቸው ግን በቀጥና በአግድም ስፌት መካከል ያለውን ልዩነት አያሳዩም፤ ለጥንካሬ ፍተሻ የማይሆኑትም በዚህ ነው።

የኮምፒውተር ሞዴል ጉልበቱን በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ያለውን ውጥረት ያሰላል። ለቃጫዎቹ አቅጣጫ መስጠት፣ ቅድ መክፈት፣ ክር መጨመር፣ ጉልበቱን በጥልቀት ማጠፍ ይቻላል። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ክሊኒክ የተሠራው ኦፕን ኒ የተባለ ሞዴል ለማንም በነፃ ክፍት ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ የተነሳው ከአንዲት የ70 ዓመት ሴት ለጋሽ ጉልበት ነው። መጋዝም ማቀዝቀዣም ለሌለው ተማሪ ይህ የተሻለ በር ነው። ሆኖም በሞዴሉ ውስጥ የሚገባው የህብረህዋስ ጥንካሬ ራሱ ከእውነተኛ ሜኒስከስ ተለክቶ የመጣ ቁጥር ነው፤ ክሩ ህብረህዋሱን ቆርጦ የሚወጣበትን ቅጽበት ማስላትም ገና ከባድ ነው።

ጥንቃቄ

የበግ፣ የፍየልና የከብት ህብረህዋስ ብሩሴላ፣ ኪው ፊቨርና አባ ሰንጋ ሊያስተላልፍ ይችላል። ናሙና የሥጋ ምርመራ ካለበት ቄራ መውሰድ ይመረጣል። በድንገት የሞተ እንስሳ እግር ፈጽሞ አይወሰድም፤ ደም ከአፍና ከአፍንጫው የፈሰሰ ከሆነ በድኑ ሳይከፈት ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ይደረጋል፤ አጥንት በመጋዝ ሲቆረጥ የሚበነው ብናኝ ስለሚተነፈስ አፍንጫና አፍም ይሸፈናል። ሥጋ ከሚቀመጥበት የቤት ማቀዝቀዣ ጋር ናሙና አይቀላቀልም። ሥራው ሲያልቅ ቅሪቱ ይቃጠላል ወይም ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል።